የቅዳሜው ሪስታርት፦ በከርነል የኔትወርክ ኮድ ውስጥ ሜሞሪ ሊክ ፈልጎ ስለማግኘትና ስለመጠገን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ማሰልጠኛ ተቋም ኢንተርኔት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር በኩል ነበር የሚያልፈው። 4 ጊጋባይት ራም አለው፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል፣ ከዚያ ላይ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጻፍነው ትንሽ የከርነል ሞጁል (የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ የሚጫን ኮድ) ይሠራል። የሞጁሉ ሥራ ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን ፓኬት (በኔትወርኩ የሚያልፍ የዳታ ቁራጭ) ላኪ አድራሻ ከሰንጠረዥ ይፈልጋል፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ምልክት ያደርግበታል፣ ያሳልፈዋል። ካልተመዘገበ መሣሪያ የመጣ ከሆነ ይጥለዋል። ማሽኑ እሑድ ታድሶ ይነሳል፣ ረቡዕ ይዝላል፣ ዓርብ ከሰዓት ላይ ሜሞሪ አልቆበት ከርነሉ ራሱ ፕሮግራም እየመረጠ መግደል ይጀምራል። መፍትሔ ተብሎ የተያዘው ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት ሪስታርት የሚያደርግ የክሮን (በተያዘለት ሰዓት ትዕዛዝ የሚያስኬድ ፕሮግራም) መስመር ነበር። ለወራት እንደዚያ ኖርን።

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ሰርቨር የሚጠብቁ ልጆችን ሳነጋግር ብዙዎቹ የየራሳቸው የቅዳሜ ሪስታርት አላቸው። ከርነል ሲባል እጃቸውን ይሰበስባሉ። ግን ኮዱ ክፍት ነው፣ መፈለጊያ መሣሪያዎቹም አብረውት ይመጣሉ። የእኛ ማሽን ችግር ሜሞሪ ሊክ ነበር፤ ኮድ የወሰደውን ሜሞሪ ሳይመልስ ሲቀር ማለት ነው። እኛ ያን ሊክ ለማግኘት የሄድንበትን መንገድ፣ የተሳሳትንበትንም ጭምር፣ ደረጃ በደረጃ ላስቀምጠው። ሲ ቋንቋ ማንበብ የምትችሉና ሊኑክስ ላይ ሩት ሆናችሁ የሠራችሁ ከሆነ ይበቃል።

የኮድ ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። በስሙ መሐል ያለችው ሰረዝ ብዙውን ጊዜ በኮዱ ውስጥ የታች ሰረዝ ናት።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ ሊክ ነው?

«ፍሪ» የሚለውን ትዕዛዝ አይቶ «ሜሞሪ አልቋል» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራምን የፋይል ካሽ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሲጠየቅ ይለቃል። ስለዚህ የምታዩት «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ነው። እሱም በየቀኑ እየወረደ ከሆነ ወደ «ፕሮክ» ማውጫ ግቡና «ሜምኢንፎ» የሚባለውን ፋይል አንብቡ። እዚያ «ስላብ» የሚል መስመር አለ፤ ከርነሉ ለራሱ ትናንሽ ዕቃዎች የሚቆርሰው ሜሞሪ ነው። ሥሩ ለሁለት ይከፈላል። «ኤስ-ሪክሌይመብል» ሲያስፈልግ የሚመለሰው ነው፤ ቢያብጥም አትደንግጡ። «ኤስ-አንሪክሌይም» ግን ባለቤቱ ካልመለሰው ከርነሉ በራሱ ሊወስደው የማይችለው ነው። የምንከታተለው ይህን ቁጥር ነው።

በየሰዓቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ይህን ቁጥር ወደ አንድ ፋይል የምትጽፍ ሁለት መስመር ስክሪፕት ሠርታችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ተዋት። ይህን አትዝለሉት። በእኛ ማሽን ቁጥሩ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪ ሲገባ መውጣት ይጀምራል፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ሌሊቱን ሙሉ አይወጣም፣ አይወርድምም። ብዙ የሚነግር ነገር ነው። በሥራ ላይ ላለ ትራፊክ ብቻ የተያዘ ሜሞሪ ቢሆን ኖሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ይል ነበር። በሰዓት ቆጣሪ የሚነዳ ኮድ ቢሆን ሌሊትም አያርፍም። ከትራፊክ ጋር አብሮ የሚወጣና ተመልሶ የማይወርድ ነገር ፓኬትን በሚነካ ኮድ ውስጥ ነው ያለው።

ቀጥላችሁ የስላብን ዝርዝር የሚያሳየውን «ስላብቶፕ»ን ክፈቱና በካሽ መጠን አስደርድሩት፤ እዚህ ካሽ ማለት የፋይል ካሽ ሳይሆን የአንድ ዓይነት ዕቃዎች ማከማቻ ነው። እኛ ጋ አናት ላይ የወጣው «ኤስኬበፍ-ሄድ-ካሽ» ነበር፤ ከሥሩ «ኬማሎክ» 512፣ ማለትም እስከ 512 ባይት ለሚሆን ለማንኛውም ነገር የሚያገለግለው ካሽ፣ አብሮት ያድጋል። ጥንዱ ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። ሊኑክስ እያንዳንዱን ፓኬት በሁለት ቁራጭ ይይዘዋል፦ አንዱ ስለ ፓኬቱ መረጃ የሚይዘው መዋቅር ነው፤ ሙሉ ስሙ «ኤስኬ-በፍ» ሲሆን ሁላችንም ኤስኬቢ እንለዋለን፤ በ64 ቢት ማሽን ላይ 256 ባይት ቦታ ይወስዳል። ሌላው የፓኬቱ ዳታ ራሱ ነው። ትንሽ ፓኬት ከሆነ ዳታው 512 ባይት ቦታ ያዘ እንበል፤ አንድ የጠፋ ፓኬት 768 ባይት ማለት ነው። በሰከንድ 10 ፓኬት ብቻ ቢጠፋ በቀን ከ630 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። 4 ጊጋባይት ማሽን ሳምንት ሳይሞላ ለምን እንደሚወድቅ ወረቀት ላይ ስናሰላው ነው የገባን።

የስላብ ቁጥር ፍጹም ትክክል እንዳልሆነ ግን ያዙ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ለራሱ የሚያስቀራቸው ቁርጥራጮች እንደተያዙ ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። የመቶ ልዩነት ምንም አይደለም፤ የአሥር ሺህ ልዩነት ግን ነገር ነው።

አደራው በማን እጅ ነው?

መሣሪያ ከማንሳታችን በፊት ይህን እንያዝ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ድግስ ሲኖር ድስቱ፣ ሳፋው፣ ብርጭቆው ከጎረቤት በውሰት ይሰበሰባል። እናቶቻችን የየራሳቸውን ዕቃ ቂጥ በቀለም ምልክት ያደርጉበታል። ድስቱ ከወይዘሮዋ ቤት ወጥቶ ወደ ወጥ ሠሪዋ፣ ከእሷ ወደ አሳላፊው፣ ከአሳላፊው ወደ አጣቢዋ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቅጽበት አደራው ያለበት ሰው አንድ ነው። ኤስኬቢም እንዲሁ ነው። የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ይወስደዋል፣ ለአይፒ ኮድ ያስረክባል፣ እሱ ለማስተላለፊያው፣ ማስተላለፊያው ለእኛ ሞጁል። የመጨረሻ ተረካቢው «ኬፍሪ-ኤስኬቢ» ወይም «ኮንሲዩም-ኤስኬቢ» ብሎ ሜሞሪውን መመለስ (ፍሪ ማድረግ የምንለው ይህን ነው) አለበት። ማንም ካልመለሰው ሊክ ነው። ሁለት ሰው ከመለሰው ደግሞ ከሊክ የከፋ ነው፤ የሌላ ፓኬት ሜሞሪ ይበላሻል፣ ማሽኑ ፈጽሞ ባላሰብነው ቦታ ይወድቃል።

አስቸጋሪው ነገር የርክክቡ ሕግ ከፈንክሽን ፈንክሽን መለያየቱ ነው። እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኳቸውን ልንገራችሁ።

«ዴቭ-ኪው-ኤክስሚት» የሰጣችሁትን ፓኬት በማንኛውም ሁኔታ ይረከባል። ስህተት ቢመልስም ተረክቦታል፤ ከዚያ በኋላ አትንኩት። «ኔቲፍ-አርኤክስ»ም እንደዚሁ፣ ፓኬቱን ቢጥለውም ጣዩ እሱ ነው። «ኤስኬቢ-ፑት-ፓድቱ» አጭር ፓኬትን በዜሮ ሞልቶ ያስረዝማል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ግን ፓኬቱን ራሱ ፍሪ አድርጎ ነው ስህተት የሚመልሰው። ይህን ሳያውቅ በስህተት መንገዱ ላይ ሌላ ፍሪ የሚጨምር ሰው ያስተካከለ መስሎት ያፈርሳል። «ኤስኬቢ-ሼር-ቼክ»ም ባዶ ከመለሰ የመጀመሪያው ፓኬት ከእጃችሁ ወጥቷል።

የድራይቨር ወይም የቨርቹዋል ዲቫይስ (በኮድ ብቻ ያለ የኔትወርክ ካርድ፣ የእኛም ሞጁል እንዲህ ያለ ነው) ፓኬት መላኪያ ፈንክሽን ደግሞ በሚመልሰው መልስ ነው አደራውን የሚወስነው። «ቲኤክስ-ኦኬ» ካለ ተረክቧል ማለት ነው፤ ይላከውም ይጣለውም ፍሪ ማድረግ የእሱ ዕዳ ነው። «ቲኤክስ-ቢዚ» ካለ አልተረከበም፤ ፓኬቱ አሁንም በላኪው ስታክ (ፓኬቱን በሰጠን የከርነሉ የኔትወርክ ኮድ) እጅ ነው፣ መንካት አይፈቀድም። የእኛም ችግር፣ የእኛም የተሳሳተ ጥገና ከዚህች ከሁለቱ መልሶች ልዩነት ነው የመጣው።

ኬሜምሊክን ማስነሳት

ከርነሉ ውስጥ «ኬሜምሊክ» የሚባል መፈለጊያ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ ከ2.6.31 ቨርዥን አንሥቶ ያለ ነው። ሜሞሪውን በየተወሰነ ጊዜ ይቃኝና ማንም ፖይንተር የማያመለክተውን ዕቃ ሁሉ «ባለቤት የለውም» ብሎ ይመዘግባል። ለመጠቀም ከርነሉን ራሳችሁ ኮምፓይል ማድረግ ይኖርባችኋል። በኮንፊግ ሜኑው «ከርነል ሃኪንግ» በሚለው ክፍል ውስጥ ኬሜምሊክን አብሩት።

ኮምፓይል ስታደርጉ «ሎካል-ሞድ-ኮንፊግ» የሚለውን የሜክ ትዕዛዝ አስቀድሙ፤ አሁን በማሽኑ ላይ የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ያስቀርላችኋል፣ ሰዓቱን በብዙ ያሳጥራል። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ከመጀመሪያ መጀመር አያስፈልግም፣ ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል። ግን በድንገት ጠፍቶ ከሆነ መጠናቸው ዜሮ ባይት የሆኑ የኦብጀክት ፋይሎችን ፈልጋችሁ አጥፉና ቀጥሉ፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ ሊንከሩ በማይገባ ስህተት ያስጨንቃችኋል። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ምሽት አጥቻለሁ።

አዲሱ ከርነል ከተነሳ በኋላ «ዲበግ-ኤፍኤስ»ን፣ ከርነሉ የምርመራ መረጃውን በፋይል መልክ የሚያሳይበትን፣ ማውንት አድርጉ። በ«ሲስ፣ ከርነል፣ ዲበግ» ሥር «ኬሜምሊክ» የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። በራሱ በየ10 ደቂቃው ይቃኛል፤ መጠበቅ ካልፈለጋችሁ «ስካን» የሚለውን ቃል ኤኮ አድርጋችሁ ጻፉበት። ሁለት ጊዜ ማስቃኘት ይሻላል፣ የመጀመሪያው ላይ በሽግግር ላይ ያለ ዕቃ በስህተት ሊያዝ ይችላል። ከዚያ ፋይሉን አንብቡ። ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት «ክሊር» ብትጽፉበት የቆየውን ዝርዝር ወደ ጎን ያደርግላችኋል።

የእኛ ዝርዝር በሺህ የሚቆጠር ተመሳሳይ መዝገብ ነበር፦ ባለቤት የሌለው ዕቃ፣ መጠኑ፣ የፈጠረው ፕሮሰስ ስም ባለበት ቦታ «ሶፍት-አይአርኪው» (ከርነሉ የገቡ ፓኬቶችን የሚያስተናግድበት የውስጥ ሥራ)፣ የፕሮሰስ ቁጥሩ 0፣ ከሥሩ የፈንክሽኖች ሰንሰለት። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር የመቀበያ ፈንክሽን ነው። እኛም «ያዝነው! ድራይቨሩ ነው» አልን። ሁለት ሳምንት የድራይቨሩን ኮድ መስመር በመስመር አነበብን፣ ምንም አላገኘንም።

ስህተታችን ይህ ነበር፦ ኬሜምሊክ የሚጽፈው ድስቱን ማን እንደወሰደ ነው፤ ማን ሳይመልስ እንደቀረ አይጽፍም። ወደ ማሽኑ የሚገባ ማንኛውም ፓኬት የተወሰደው በካርዱ ድራይቨር ነው። ከወሳጁ እስከ ረሺው ድረስ ብዙ እጅ አለ።

ችግሩን በራስ ጠረጴዛ ላይ መድገም

ከዚህ በኋላ ሰዎች በሚጠቀሙበት ማሽን ላይ መሞከር አቆምን። ላፕቶፕ ላይ በ«ኪውኢሙ» ቨርቹዋል ማሽን አስነሱ፣ ያንኑ ከርነልና ያንኑ ሞጁል ጫኑበት። እውነተኛ ገመድም ሁለተኛ ኮምፒውተርም አያስፈልግም። በ«አይፒ ኔትኤንኤስ» ሁለት የኔትወርክ ክልሎች ፍጠሩ፣ እንደ ገመድ በሚያገለግሉ በ«ቪኢዝ» ጥንዶች ከመሐለኛው ጋር አገናኟቸው፤ አንዱ ተማሪ፣ ሌላው ውጭ ኢንተርኔት ይሁን፣ መሐል ላይ ሞጁላችሁ።

አሁን አንድ ዓይነት ትራፊክ ብቻ እየላካችሁ ቁጠሩ። ከመላካችሁ በፊት «ስላብኢንፎ» ላይ የኤስኬቢውን ካሽ ቁጥር መዝግቡ፣ 10,000 ፒንግ ላኩ፣ እንደገና መዝግቡ። ከተመዘገበ አድራሻ ስንልክ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ትልልቅ ፓኬት ሞከርን፣ ተመለሰ። ኢንተርፌሱን እያጠፋን እያበራን ሞከርን፣ ተመለሰ። ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ከሰንጠረዡ ውጭ የሆነ አድራሻ አልሞከርንም እኮ» አለኝ። ሞከርነው። መልስ ስለሌለው የጎርፍ ፒንጉ በሰከንድ 100 ገደማ እየላከ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲጨርስ የካሹ ቁጥር በአሥር ሺህ ገደማ ጨምሮ ነበር፤ አልወረደም። በ«አይፒ» ትዕዛዝ የሞጁላችንን ኢንተርፌስ ስታቲስቲክስ ስናይ የተጣሉ ፓኬቶች ብዛት ልክ 10,000 ይላል። አንድ ፓኬት ሲጣል አንድ ኤስኬቢ ይጠፋል።

ከዚያ ኬሜምሊክን አስቃኘነው። አሁን ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከካርድ ድራይቨር ሳይሆን ከፒንግ የመላኪያ ሲስተም ኮል ነበር፤ የፕሮሰሱም ስም «ፒንግ» ይላል። አንድ ሊክ፣ ሁለት የተለያየ ወሳጅ! ስለዚህ ጥፋቱ ሁለቱም መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የሚገናኙትም በእኛ ኮድ ነው። ያልተመዘገቡት መሣሪያዎች የተማሪዎች ስልኮች ነበሩ፤ ዋይፋዩ ላይ ይገናኛሉ፣ መልስ ሲያጡ ደጋግመው ይሞክራሉ። ቁጥሩ ተማሪ ሲገባ መጨመር ጀምሮ ተማሪ ሲወጣ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ሊኩ በሞጁል ሳይሆን በከርነሉ ውስጥ ከሆነና ድሮ ያልነበረ ከሆነ የኮዱን ለውጦች ለሁለት እየከፈለ የሚፈልገውን «ጊት ባይሴክት» ተጠቀሙ። 1,000 ለውጥ መሐል ያለን ጥፋት 10 ጊዜ ያህል ኮምፓይል አድርጎ በመሞከር ያገኘዋል።

ኮዱን በጣት እየተከተሉ ማንበብ

የመላኪያ ፈንክሽናችን፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ እንዲህ ነበር፦

ላክ(ፓኬት)
　ክፍል = ከሰንጠረዥ ፈልግ(የፓኬቱ ላኪ)
　ክፍል ካልተገኘ
　　የተጣለ = የተጣለ + 1
　　መልስ ቲኤክስ-ኦኬ
　ወረፋው ከሞላ
　　መግቢያውን አቁም
　　መልስ ቲኤክስ-ቢዚ
　ምልክት አድርግ(ፓኬት፣ ክፍል)
　ወደ ወረፋ ጨምር(ፓኬት)
　መልስ ቲኤክስ-ኦኬ

ኮዱን አትሙትና እያንዳንዱን «መልስ» በእስክሪብቶ አክብቡ። ከጎኑ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፦ «እዚህ ስንደርስ ፓኬቱ በማን እጅ ነው?» የመጨረሻው መልስ ላይ ፓኬቱ ወረፋው ውስጥ ነው፤ ወረፋውን የሚያወጣው ኮድ ለዴቭ-ኪው-ኤክስሚት ያስረክበዋል፣ ደህና ነው። መካከለኛው ቢዚ ስላለ በስታኩ እጅ ነው፣ ደህና ነው። የመጀመሪያው ግን «ተረክቤአለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ቆጣሪውን ይጨምራል፣ ፓኬቱን ግን የትም አያደርሰውም። «ጣልኩት» ብለን ቆጥረናል እንጂ አልጣልነውም።

የመጀመሪያው ጥገናችንና ትክክለኛው

ከደስታችን የተነሳ ብዙ አላሰብንም። ከፈንክሽኑ ግርጌ «ውጣ» የሚል ሌብል አደረግን፣ እዚያ ኬፍሪ-ኤስኬቢ ጻፍን፣ የማይሳካውን መንገድ ሁሉ ወደዚያ አዞርን። ቢዚውንም ጭምር። 10,000 ፒንግ ላክን፣ ሊኩ ጠፋ።

ወደ ማሰልጠኛው ከመውሰዳችን በፊት «ካሳን» የተባለውን የሜሞሪ ስህተት መርማሪ አብርተን በከባድ ትራፊክ ፈተንነው። እናንተም ይህን ሳታደርጉ ጥገናችሁን አትመኑ። ወረፋው እንደሞላ ካሳን «ዩዝ አፍተር ፍሪ» ብሎ ጮኸ፤ ሦስት ሰንሰለት ያሳያል፦ የተነካበት፣ የተወሰደበት፣ ፍሪ የተደረገበት። ፍሪ የተደረገበት የእኛ «ውጣ» ነው። ስታኩ ቢዚ ስላልነው ፓኬቱን በእጄ ነው ብሎ ይዞት ነበር፤ እኛ ግን ከሥሩ ፍሪ አድርገነዋል። ያን ኮድ ቅዳሜ ብንጭነው ኖሮ ማሽኑ ሰኞ ጠዋት ሊወድቅ ይችል ነበር፣ ያውም ጥፋቱ ከእኛ ኮድ ርቆ በሌላ ቦታ እየታየ።

ትክክለኛው ጥገና አንድ መስመር ነው። ሌብሉን አጠፋን፤ «የተጣለ» ከሚለው መስመር ቀጥሎ፣ ከቲኤክስ-ኦኬ በፊት፣ ኬፍሪ-ኤስኬቢ ገባ። ቢዚው እንደነበረ ቀረ። ለምን ኮንሲዩም-ኤስኬቢ አይሆንም ለምትሉ፣ ሁለቱም ሜሞሪውን ይመልሳሉ፤ ግን ኮንሲዩም በሰላም ሥራውን ለጨረሰ ፓኬት ነው፣ ኬፍሪ ለተጣለ። የተጣሉ ፓኬቶችን የሚከታተሉ መሣሪያዎች የሚያዩት ኬፍሪውን ነው። ከ5.17 ከርነል ጀምሮ የተጣለበትን ምክንያት አብሮ የሚቀበል ዓይነትም አለ፤ አዲስ ከርነል ላይ ከሆናችሁ እሱን ተጠቀሙ። ኮዱ ከኢንተራፕት ውስጥም ሊጠራ የሚችል ከሆነ «ዴቭ-ኬፍሪ-ኤስኬቢ-ኤኒ» የሚለው ይመረጣል።

ኬሜምሊክ የማያያቸው ሁለት ዓይነቶችም አሉ። አንደኛው ዕቃው ዝርዝር ውስጥ እየተጨመረ ማንም የማያወጣው ከሆነ ነው፤ ፖይንተር ስላለው ኬሜምሊክ ባለቤት አለው ይላል። እንዲህ ሲሆን የስላብ ቁጥሩ እያደገ የኬሜምሊክ ዝርዝር ባዶ ይሆናል፤ ያኔ የሚጨምር እንጂ የማይቀንስ ዝርዝር ፈልጉ። ሁለተኛው በስላብ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ከገጽ አዳዩ (ሜሞሪን በሙሉ ገጽ ከሚያድለው የከርነል ክፍል) የተወሰደ ሜሞሪ ነው፤ ለእሱ «ፔጅ-ኦነር»ን አብሩ። ኢንተርፌስ ስታጠፉ ከርነሉ ሎግ ላይ ያ ኢንተርፌስ ነፃ እስኪሆን እየጠበቅሁ ነው የሚል መስመር ደጋግሞ ከጻፈ ደግሞ የጠፋው ፓኬት ሳይሆን የዲቫይሱ ቆጠራ (ስንት ኮድ እንደያዘው የሚቆጥረው) ነው፤ «ዴቭ-ሆልድ» ተብሎ «ዴቭ-ፑት» ያልተባለበትን ቦታ ፈልጉ።

ጥፋቱ በዋናው ከርነል ውስጥ ከሆነ

ጥገናውን ለራሳችሁ አታስቀሩት። የሊክ ጥገና «ኔት» ለተባለው የጥገና ዛፍ ነው የሚላከው፤ አዲስ ሥራ የሚገባበት «ኔት-ኔክስት» ሌላ ነው፣ በርዕሱ ላይ ለይታችሁ ጻፉ። በመግለጫው ውስጥ ፓኬቱ በየትኛው መንገድ፣ በማን እጅ እንደጠፋ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። «ፊክሰስ» በሚለው መስመር ጥፋቱን ያስገባውን ለውጥ መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና ርዕሱን ጻፉ፤ ጥገናው ወደ የትኞቹ የቆዩ ቨርዥኖች መመለስ እንዳለበት የሚታወቀው በእሱ ነው። በስማችሁ «ሳይንድ-ኦፍ» አድርጉ፣ «ቼክ-ፓች»ን አስኬዱ፣ ለማን እንደሚላክ «ጌት-ሜንቴይነር» ይነግራችኋል። አስተያየት ከመጣ አስተካክላችሁ ስትመልሱ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆዩ፣ ሌሎችም አንብበው አስተያየታቸውን እንዲሰጡ።

እኛ የተስተካከለውን ሞጁል የጫንነው ቅዳሜ ማታ ነው። ኬሜምሊክም ካሳንም የሌለበትን ከርነል መለስንበት፤ ሁለቱም ማሽን ስለሚያዘገዩ ለሙከራ እንጂ ለሥራ ቦታ አይሆኑም። ቁጥር መዝጋቢዋን ስክሪፕት ግን ተውናት። በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት፣ ማሽኑ ይወድቅበት በነበረው ሰዓት፣ ፋይሉን ከፈትን፤ ኤስ-አንሪክሌይም ሰኞ ጠዋት ከነበረበት ብዙም አልራቀም። ባልደረባዬ ክሮኑን ከፍቶ የሪስታርቱን መስመር አጠፋው።